አላስታውስም ያልኩት ግንብ

ኅዳር 4፣ ጥዋት 2፡30

ሻይ ለማፍላት አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ምድጃው ከአልጋዬ አራት እርምጃ ነበር። በክራንች ዘጠኝ ሆኗል። ማንቆርቆሪያውን የምይዝበት እጅ የለኝም፤ ሁለቱም ክራንቹ ላይ ናቸው። እግር ሲቆረጥ እጅም አብሮ እንደሚሄድ ማንም አልነገረኝም። ማንቆርቆሪያውን በነጠላ አስሬ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት። ግማሹ ደረቴ ላይ ፈሰሰ። ሳቅሁ። ቆይቼ ሳዳምጠው ሳቅ አልነበረም።

እህቴ ትናንት ወደ ቤቷ ተመለሰች። የምታጠባው ልጅ አላት። አብረን እንሂድ ብላ ለመነችኝ፤ እምቢ አልኩ። በዚህ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ብቻዬን ኖሬያለሁ። ኢሕአዴግ በገባ በሁለተኛው ዓመት ፍላቂት ከተማ በመምህርነት ሲመድቡኝ ጀምሮ ብቻዬን ነኝ። አሁንም እችላለሁ።

ደብተሬ፣ ከወር በላይ አልጻፍኩልህም። የሆነውን በአጭሩ፦ መስከረም 27፣ በእረፍት ሰዓት፣ የት/ቤታችን አዲሱ ክፍል ግንብ ተደረመሰ። ከሥሩ አንዲት የ3ኛ ክፍል ልጅ ቆማ ነበር። ገፈተርኳት። እሷ ተረፈች። የእኔ ግራ እግር ከጉልበት በታች ድንጋይ ስር ገባ። ሆስፒታል ወሰዱኝ፤ ቆረጡት። በቃ።

«በቃ» ብዬ ጻፍኩ። አየኸኝ?

ኅዳር 6፣ ከቀኑ 5 ሰዓት

በሌለ እግር ተነሳሁ።

ከእንቅልፌ ስነቃ በር የተንኳኳ መሰለኝ። እንደ ድሮዬ ከአልጋ ወረድኩ፤ መጀመሪያ ግራዬን። መሬቱ የለም። በአፍጢሜ ተደፋሁ። ቁስሌ የአልጋውን ብረት መታ። ጩኸት አልወጣኝም። ሰባ ተማሪ ዝም የማሰኝ መምህርት አንድ ጎረቤት መጥራት አቃተኝ። በበሩ ስንጥቅ የገባችው ፀሐይ ከበርጩማው ተነስታ አልጋው ሥር እስክትደርስ ተኝቼ አየኋት።

በር ያንኳኳ ሰው አልነበረም።

ተጎትቼ አልጋው ላይ ወጣሁ። ነርሷ እንዳሳየችኝ በፈላ የጨው ውሃ አጥቤ እንደገና ጠቀለልኩት። ትንሽ ደም ነው። ደሙን ሳይ ምንም አልተሰማኝም። ኋላ ግን ትንሿ ጣቴ አሳከከችኝ፤ የግራ እግሬ ትንሿ ጣት። ላክላት እጄን ሰደድኩ። ብርድ ልብስ ነው የነካሁት። እጄን እዚያው እንዳስቀመጥኩ ብዙ ቆየሁ።

ኅዳር 9

የልጅቷ እናት መጣች። ይምርሐነ ክርስቶስ ድረስ በእግሯ ሄዳ፣ ስለቷን አድርሳ፣ እምነትና ጠበል ይዛልኝ። ስንት ቀን እንደሄደች አልጠየቅኳትም። ገና ከመግባቷ መሬት ላይ ወድቃ የተቆረጠውን እግሬን በጨርቁ ላይ ሳመችው። የልጄ እናት አንቺ ነሽ አለችኝ። አገሩ ሁሉ ስሜን እንደሚያነሳ፣ በየቤተክርስቲያኑ እንደሚጸለይልኝ ነገረችኝ።

ጮኽኩባት። ተነሺ! አትሳሚኝ! ደንግጣ ወደ ኋላዋ ስትል ጠበሉን ልትደፋው ነበር። እኔም ደነገጥኩ። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ሕመሙ ነው አልኳት። አመነችኝ። ግንባሬን እምነት ቀብታኝ፣ እያለቀሰች ወጣች።

ሕመሙ አልነበረም። ምን እንደነበር ግን ዛሬ አልጽፍልህም።

ኅዳር 12፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ውሃዬ ትናንት ማታ አልቆ ነበር። ጥዋት አንዲት ሴትዮ በሩን ከፍተው ገቡ። ሃምሳ አምስት የሚሆናቸው፣ ሻሽ የጠቀለሉ፣ እግራቸው አቧራ የለበሰ። ሰላም ለዚህ ቤት አሉ። ጀሪካኔን አንስተው ወጡ። ሞልተው ተመለሱ። የገብስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው ነበር፤ ለሁለት ቆርሰው ግማሹን ትራሴ አጠገብ አስቀመጡ። የቆሸሸ አንሶላዬን ከሥሬ ስበው አጠቡት። እግሬን አላዩም። ምን ሆነሽ አላሉኝም። ስማቸውን ጠየቅኋቸው፤ ዘሃራ አሉኝ። ከፍላቂት ሰው አይደሉም፤ አነጋገራቸው በወልድያ መንገድ ዳር፣ ታች ያሉ ሰዎች አነጋገር ነው።

እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። አሚን አሉ፤ ሄዱ።

የጎረቤት እንግዳ ይሆናሉ።

ኅዳር 17

ጾም ከገባ ሦስተኛ ቀን። እትዬ ዘሃራ ለአራተኛ ጊዜ መጡ። ዛሬ ሽምብራ ቆልተው ነው። ጾም ላይ መሆኔን አውቀው ሌላ ጊዜ የሚያመጡልኝን ወተት ትተውታል። ውሃ ቀድተው፣ ወለሉን ጠርገው፣ በር ላይ ቁጭ አሉ። እንዲህ የሚደክሙልኝ ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ማን ቤት ነው ያረፉት?

የትም አላረፍኩም አሉኝ። በጥዋት መኪና ወጥቼ በከሰዓት እመለሳለሁ። ባለቤቴ እዚህ ፖሊስ ጣቢያ ታስሮ ስንቅ አመላልሳለሁ።

ማናቸው ባለቤትዎ አልኩ። አፌ ጠየቀ እንጂ ሆዴ አውቆታል።

«ይማም ነዋ። ግንበኛው። እሱ ነው የላከኝ፣ ልጄ። ብቻዋን ናት፣ እግሯንም አጥታለች፤ ለእኔ ከምታመጪው አካፍያት አለኝ።»

የሽምብራው ቆሎ አፌ ውስጥ ነበር። መዋጥም መትፋትም አቃተኝ። እትዬ ዘሃራ ትን ያለኝ መስሏቸው ጀርባዬን መቱኝ። ውሃ አጠጡኝ። ራሳቸው የቀዱትን ውሃ።

ኅዳር 18

ያን ቀን አልጽፍልህም ያልኩህን ዛሬ ልጻፍልህ።

እኔ የግንባታ ኮሚቴው ሰብሳቢ ነኝ። መስከረም 23 አቶ ይማም ት/ቤት መጡ። ግንቡ ወደ ውጭ አብጦ ሆድ አውጥቷል አሉኝ። አፈሩ ዋልካ ነው፣ የክረምቱን ውሃ ገና አልጨረሰም፤ ቆርቆሮ ሳይጫንበት ይፍረስና መሬቱ ሲደርቅ ልሥራው። የምረቃ እንግዶች ሊመጡ ሳምንት ነው የቀረው። ምረቃው ይለፍና እናየዋለን አልኳቸው።

በማግስቱ ተመልሰው መጡ። ይቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ። ሕፃናት አሉበት አሉኝ። ተቆጣሁ። ሥራ አይፈልጉም ወይ እስከማለት ደረስኩ። አንገታቸውን ደፍተው ሄዱና ቆርቆሮውን መቱ። ልጆቹ እንዳይጠጉ ገመድ እንኳ አላስወጠርኩም። ከዚያ አንድ ሌሊት ዘነበ።

ልጅቷን ገፈተርኳት ብዬህ ነበር። እውነት ነው። ግንቡ ሲንቀሳቀስ ከሁሉም ቀድሜ ያየሁት ግን ዓይኔ ከሱ ላይ ስለማይነሳ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ በየእረፍቱ እሱን ነበር የማየው። ፈርቼ ነበር። እያወቅሁ።

ሆስፒታል በተኛሁ በአምስተኛው ቀን ፖሊስ መጣ። ግንበኛው አስጠንቅቄ ነበር ይላል፣ እውነት ነው ወይ አለኝ። አላስታውስም አልኩ። የማደንዘዣው ነው ብልህ ደስ ባለኝ። አይደለም። ጭንቅላቴ ጥርት ብሎ ነበር። ግድግዳው ላይ የተላጠውን ቀለም ሁሉ አስታውሳለሁ።

ለአንተም ደብቄ ነበር። ማንም የማያነብህን አንተን።

ኅዳር 23፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ር/መምህሩ አቶ ደምሴ ሊጠይቁኝ መጡ። ብርቱካን ይዘው። የአቶ ይማም የፍርድ ቤት ቀጠሮ ታኅሣሥ 12 ነው፤ ያንኑ ቃሌን ከሰጠሁ ያልቃል አሉ። ወረዳው የምስክር ወረቀት ሊሸልመኝ ነው፤ ሰው ሠራሽ እግርም ይጻፍልኛል። ግንበኛው ምን ብለው እንደነበር እርስዎም ሰምተዋል አልኳቸው። ብርቱካኑን መላጥ አቆሙ። የርክክቡ ወረቀት ላይ የሁለታችንም ፊርማ እንዳለ አስታወሱኝ። ድምፃቸው አልከፋም። እንደ ታላቅ ወንድም ነው የተናገሩት።

«እግርሽን ሰጥተሻል ትርንጎ። ከዚህ በላይ ማን ምን ይጠይቅሻል?»

በጣም የደነገጥኩት በእሳቸው አይደለም። ንግግራቸው ደስ ስላለኝ ነው። ሲወጡ ሰውነቴ ሁሉ ቀለለኝ። ሁለት ብርቱካን በላሁ። በእርጋታ ፈተና አረምኩ፤ ከት/ቤት የላኩልኝን። ሰው እንዲህም ይሆናል? እኔ እንዲህ ነኝ?

ኅዳር 27

እትዬ ዘሃራ ከመጡ አራት ቀን ሆናቸው። ውሃ ራሴ ልቀዳ ሞከርኩ። ግማሽ ጀሪካን በገመድ ትከሻዬ ላይ አስሬ እስከ ቦኖው ደረስኩ። ስመለስ ውርጩ ገና አልቀለጠም፤ ክራንቹ ተንሸራተተ። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ብብቴ ቆስሏል። ሁለት ሴቶች አንስተው ቤቴ አስገቡኝ፤ ምነው ጀግናችን ብቻሽን አሉ።

ጀግናችን።

ኅዳር 29

መጡ። አቶ ይማም ሳል ይዟቸዋል፤ የጣቢያው ወለል ቀዝቃዛ ነው፣ ስድስት ቀን ስለሱ ስሯሯጥ ነው የቀረሁት አሉኝ እትዬ ዘሃራ። ይቅርታ ጠየቁኝ! እኔን! ዳቦው ያው ለሁለት የተቆረሰ ነው። የታመመ ሰው ዳቦ።

ይዘውት እንዲሄዱ ለመንኳቸው፤ እምቢ አሉ። ለምን አይጠሉኝም አልኳቸው። ባለቤትዎ ነግረውኝ እንደነበር ያውቃሉ አይደል? እኔ ደግሞ አላስታውስም ማለቴን?

ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«እኔስ ተናድጄ ነበር፣ ወላሂ። እሱ ነው የሚያበርደኝ። ድንጋይ የወረደባት ሴት ናት፣ ሲሻላት ታስታውሳለች ይለኛል። ስሄድ ሁሌ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ተሻላት?»

ታዲያ ምን ይሉታል አልኩ።

«ገና ነው እለዋለሁ።»

ታኅሣሥ 2

አልበላሁም። እግሬ አያመኝም፤ የቀረው እግሬም የሌለ መሰለኝ። አንድ ነገር ብቻ እየደጋገምኩ አስባለሁ፤ ከሥራ ያባርሩኛል። ምናልባት ያስሩኛል። በአንድ እግር የታሰረ ሰው እንዴት ውሃ ይቀዳል? ይህን አሰብኩና ሌላኛው ሐሳብ መጣ፤ አቶ ይማም በሳል እንዴት ይተኛሉ?

ቀጠሮውን አልጠብቅም። ነገ እሄዳለሁ።

ታኅሣሥ 3፣ ከቀኑ 6 ሰዓት፣ ፖሊስ ጣቢያ

አንተን በቦርሳ አንግቼህ መጣሁ። ግማሽ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ሁለት ሰዓት ወሰደብኝ። የገበያ ቀን ነው። ሰው ሁሉ መንገድ ይለቅልኛል። ሚኒባሶቹ ጋ ስደርስ «ወልድያ! ወልድያ!» የሚሉት ረዳቶች ዝም አሉ፤ አንዱ ኮፍያውን አወለቀ። ቢያውቁ ኖሮ።

እስረኞቹ ግቢው ውስጥ፣ ከሽቦው ወዲያ ፀሐይ ይሞቃሉ። አቶ ይማም ጋቢ ደርበው ግንቡን ተደግፈዋል። ከስተዋል። አየት አደረጉኝና ዓይናቸውን መለሱ፤ አላወቁኝም። ከዚያ ወደ ታች አዩ።

«ያ ረቢ» ብለው ተነሱ። ሽቦው ጋ መጡ። «ልጄ፣ ያን ቀን መዶሻዬን ጥዬ መሄድ ነበረብኝ። ድንጋዩን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ይለፍ ስትዪ እሺ ማለት አልነበረብኝም።»

«እርስዎ ነግረውኛል» አልኩ። «ሁለት ቀን ተመላልሰው ነግረውኛል።»

ፊታቸው በራ። እንዲህ ሲበራ አይቼ አላውቅም። «አስታወስሽ! አልሐምዱሊላህ! ድንጋዩ ጭንቅላትሽን ነክቶሽ እንዳይሆን ነበር የምፈራው። ዘሃራ ገና ነው ስትለኝ እንቅልፍ አልወስድ ይለኝ ነበር።»

ደብተሬ፣ እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። አሁን ትዝ አለኝ ብል ያምኑኛል፤ ፖሊሱም ያምነኛል። ር/መምህሩም እንኳ ያምኑኛል። ሁሉም ሰው በሰላም ቤቱ ይገባል።

«አልረሳሁም» አልኳቸው። «አንድ ቀንም አልረሳሁም። እያወቅሁ ነው አላስታውስም ያልኩት።»

ያልገባቸው መሰሉ። እንዳልሰማ ሰው ጆሮአቸውን ወደ ሽቦው አስጠጉ። ደገምኩላቸው። ሳላቸው መጣ፤ ረጅም ሳል። ሲያበቃ ሽቦውን የያዘውን እጃቸውን አነሱ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ተመለሱና ከሰዎቹ መሃል ተቀመጡ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ።

ከወር በፊት ብትጠይቀኝ እግር ከማጣት የሚከብድ ነገር የለም እልህ ነበር።

6፡40

መርማሪው ውስጥ አስገብቶ ወንበር ሰጠኝ። ለምን እንደመጣሁ ነገርኩት። ብዕሩን አስቀመጠ። መምህርት፣ ቃልዎን ከለወጡ ጥያቄው ወደ እርስዎ ይዞራል፣ ወደ ፈራሚዎቹም ሁሉ አለኝ። ደህና ሰው ነው። ጤናዎ እስኪመለስ ቤትዎ ሄደው ያስቡበት፣ ቀጠሮው ገና ዘጠኝ ቀን አለው አለ። በሩን እንኳ ከፈተልኝ።

አልተነሳሁም። ክራንቾቼን ግድግዳው ላይ አስደገፍኳቸው፤ ከእጄ ራቅ አድርጌ።

መዝገቡን ከመደርደሪያው እየፈለገ ነው። ይህን የምጽፍልህ እሱ እስኪያገኘው ነው። አገኘው። አቧራውን አራገፈው። ቃልዎን ከየት ልጀምር ይለኛል።

ከመስከረም 23 አልኩት። ብዕሩን አነሳ፤ እኔ የእኔን አስቀምጣለሁ።