የእስከዳር ግራ እጅ

ደሴ፣ ነሐሴ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንዴ፣

የኮምቦልቻ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ እዚህ ጦሳ ከጉም ሳይወጣ፣ ልብስ ሳይደርቅልን ክረምቱን እየገፋነው ነው። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ይቆረጥመኛል እንጂ ጆሮዬ እንደ ድሮው ነው፤ የሳተ ጣት ማድ ቤት ሆኜም እሰማለሁ።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። ምን ላድርግ፣ በስልክ እንዳልነግርህ ደውለህ አትናገርም። ዓርብ ዓርብ አመሻሽ ላይ ትደውላለህ፤ የልጃችንን ቀረጻ ከኤሌክትሪክ ፒያኖው ከፍቼ ስልኩን እላዩ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ሲያልቅ ትዘጋለህ። እስከዳር ከሞተች ወዲህ ትዳራችን ይኸው ሆኗል። ግድ የለም፣ አልተቀየምኩህም። ዓርብን እጠብቃለሁ።

የዘንድሮ የክረምት ተማሪዎቼ ትንንሾች ናቸው። ኖታ ባሳያቸው ያዛጋሉ። ስለዚህ ጣታቸው እንዳይተኛ መዳፋቸው ውስጥ ሎሚ አስይዛቸዋለሁ። ዜማው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ደግሞ አንዳንድ ፍሬ ቆሎ አጎርሳቸዋለሁ። ሁዘይፋ የሚባል የጎረቤት ልጅ አለ፤ ቆሎው ጥሞት ዕረፍት በሌለበት ሁሉ ያርፋል! እስከዳር ያወጣቻትን ጨዋታም አልተውኳትም፤ ወፍራሙ ድምፅ ኮምቦልቻ፣ ቀጭኑ ደሴ፣ መሃሉ የሐረጎ ዳገት። ልጆቹ በጣታቸው ሲወጡና ሲወርዱ ይውላሉ።

አንተ የሠራህላትን የዳገት ዜማ የሚለማመዱት ከእሷ ጋር ነው። አንተ ቀኙን እንድትጫወት ብላ ግራውን ብቻ ቀርጻ የለ? እሷ ግራውን፣ እነሱ ቀኙን። ሲቀመጡ ታዲያ የወንበሩን ግራ ጎን ይተዉላታል። እኔ አላዘዝኳቸውም። መብራት ጠፍቶ ፒያኖው ዝም ያለ ቀን፣ ፊርደውስ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ፣ “ቲቸር፣ እስከዳር ዛሬ ደከማት እንዴ?” አለችኝ። “አዎ” አልኳት። ምን ልበላት? እኔም አንዳንድ ቀን የወንበሩ ስፖንጅ በዚያ በኩል ጎድጎድ ያለ ይመስለኛል። አልፈራም። የሚያስፈራኝ ሞልቶ ያገኘሁት ቀን ነው።

ዙሪያ ጥምጥም ሄድኩብህ። የጻፍኩበትን ልንገርህ። ቅዳሜ እኔ በር ላይ ሰው ሳነጋግር፣ ፊርደውስ ለእናቷ የምታሰማውን ልትቀርጽ ብላ ቀዩን መቅረጫ ተጫነችው። ፒያኖው ከአንድ ቀረጻ በላይ እንደማይዝ ታውቃለህ። የእስከዳር ጠፋ። ወንዴ፣ ጠፋ። ሌላ ቦታ አልቀዳሁትም፤ የሚጠፋ አልመሰለኝማ።

ጮህኩባት። በሰው ልጅ ላይ እንዲያ ጮኼ አላውቅም። እያለቀሰች ሮጣ ወጣች፤ እኔም የፒያኖውን ክዳን ዘግቼ እዚያው ተቀመጥኩ። ቤቱ ጭር አለብኝ። ልጃችንን ለሁለተኛ ጊዜ የቀበርኳት መሰለኝ።

ትናንት እናቷ ሐዋ እጇን ይዛ መጣች። “እትዬ ፋሲካ፣ አፉ በይን። ወላሂ ከዚያን ቀን ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም” አለች። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባል የለ፣ ብዙም ሳልጠብቅ፣ እንዲያው እንዳትከፋ ብቻ፣ “በይ ተጫወቺ” አልኳት።

እንደ ልማዷ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ወደ ግራ ተሳበች። የእስከዳር ቦታ ላይ። ግራ እጇን ኮምቦልቻ ላይ አሳርፋ መውጣት ጀመረች። ያንን እጅ አላስተማርኳትም፤ ስትሰማው ከርማ በጆሮዋ ይዛዋለች። መጨረሻው ላይ እስከዳር የምትዘገይባት ቦታ ትዝ ትልሃለች? ጣቷ አልደርስ እያላት እጇን አንስታ የምትዘልባት? ፊርደውስ እዚያች ላይ ቆመች። የእሷ ጣት ረጅም ነው፣ በደንብ ይደርሳል። ቆየችና ጨረሰችው።

“ለምን ቆምሽ?” አልኳት።

“እስከዳር እስክትደርስ ነዋ!” አለችኝ፣ እንዴት ይኼ ይጠፋሻል በሚል ዓይን እያየችኝ።

አለቀስኩ። ሐዋም አቅፋኝ አለቀሰች። ዛሬ ሌሎቹን ልጆች ሞከርኳቸው። ሁሉም እዚያች ቦታ ላይ ይቆማሉ። ሁዘይፋ እንኳ ያለ ቆሎ ቆመ።

እና ዓርብ ስትደውል የምከፍትልህ የለኝም። ዝም ስልህ የነፈግሁህ እንዳይመስልህ ብዬ ነው ይህን በሚኒባስ የላክሁልህ። ፊርደውስ በስልክ አትጫወትም፣ ታፍራለች። መስማት የምትችለው እዚህ ከመጣህ ብቻ ነው። ደግሞ እሷ ወደ ግራ ስለተሳበች፣ አሁን ወንበሩ ላይ ባዶ የሆነው ቀኝ በኩል ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሐረጎን እንዳልወጣህ አውቃለሁ። መሪውን የያዝከው አንተ ነበርክ። እንዴት እንደተገለበጣችሁ ጠይቄህ አላውቅም፤ አንተም ነግረኸኝ አታውቅም። የሐረጎን ጉም ግን እኔም እዚሁ ተወልጄ ያደግሁበት ነው፣ አውቀዋለሁ።

የያዝነው የፍልሰታ ጾም ነውና ድንግል ከፊትህ ትቅደም። ጉሙ ረፋድ ላይ ይገፈፋል። አትቸኩል፣ ቀስ ብለህ ውጣ። እስክትደርስ እንቆይሃለን።

ባለቤትህ ፋሲካ