ከሰንጢና ከቢላ የቱ ይሻላል ላልከኝ

ለውድ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ጤናህስ? የእማዬ ጉልበት ተሻላት ወይ? የእህታችን ሕፃን ጥርስ አበቀለ? እኔ ከወገቤና ከክንዴ ሕመም በቀር ደህና ነኝ፤ ዐሥሩም ጣቶቼ በቦታቸው አሉ። ጣቶቼን ለምን እንዳነሣሁ ቆይተህ ትረዳዋለህ።

ለዕለት ሥራ ከሰንጢና ከቢላ የሚሻለውን መርጠህ ላክልኝ ብለሃል። የዕለት ሥራህ ምን እንደሆነ ግን እማዬ በስልክ ነግራኛለች። የጎረቤታችን የጣሪያ ውሃ ወደ ግቢያችን ስለወረደ አንጀቱን እዘረግፈዋለሁ ብለህ ዝተሃል አሉ። አንተ፣ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊትህን የምታዞረው። ከጠየቅከኝ አይቀር ልመልስልህ።

እኛ መጋዘን ቀኑን ሙሉ ገመድ መቁረጥና ካርቶን መክፈት ነው። ሰንጢ ታጥፎ ኪስ ይገባል፣ ለገመድ ይበቃል፤ ግን ማጠፊያው ውስጥ አቧራ እየገባ ያስቸግራል። ቢላ ጠንካራ ነው፤ ሣጥን ብትፈለቅቅበትም አይከዳህም፣ አጥበህ ታደርቀዋለህ፣ አለቀ። ችግሩ ያለ አፎት አይያዝም። እኔ ቢላዬን ቀበቶዬ ላይ ነው የማንጠለጥለው። ሰንጢ የሚይዙት ደግሞ አንድ ሞኝነት አለባቸው፤ በአንድ እጅ ቶሎ እንዲከፈትላቸው የማጠፊያውን ብሎን ያላሉታል።

ባለፈው ማክሰኞ ቃሪያ ከምንለው ጫኝ ጋር በአንዲት በርጩማ ተጣላን። በርጩማ ነው የምልህ። እኔም አፌን አልሰበሰብኩም፣ እናቱን ሰደብኩት። ዐይኑ ደም ለብሶ ሰንጢውን ከፈተና ሆዴ ላይ ሰነዘረው። ጫፉ የቀበቶዬን ዘለበት ሲመታ የላላው ስለት በገዛ እጁ ላይ ታጠፈ። አንዱ ጣቱ ካርቶን ላይ ወደቀ፤ ሌላው በቆዳ ተንጠልጥሎ ቀረ።

እየጮኸ ሲንበረከክ ማዘን ነበረብኝ። አላዘንኩም፤ ቢላዬን መዘዝኩ። የእኔ አይታጠፍም። የአንገቱ ደም ሥር ትር ትር ሲል እያየሁ እጄን አነሣሁ። ሽማግሌው ዘበኛ ከኋላ ደርሰው ክንዴን ጠምዝዘው ከግድግዳ ጋር አላተሙኝ። በበርጩማ ሰው ልትገድል ነው ወይ አሉኝ። ክንዴ እስካሁን ይጠዘጥዘኛል፤ እሳቸው ባይደርሱ ዛሬ የምጽፍልህ ከእስር ቤት ነበር።

ስለዚህ ለጠብ ከሆነ ሁለቱም አይረቡም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? የአንተ ነገር ሥሩ ጣሪያ ላይ ነው፤ አንድ ቆርቆሮ አሸንዳ ይጨርሰዋል። አልሰማም ካልክ ነብር አየኝ በል፣ መጥቼ አጥንትህን ነው የምሰብረው። የምፈራው አንተን ማጣት ነው፤ ብትሞትም ብትገድልም ለእኔ ያው ነው።

በመንገደኛ እጅ ለእማዬ የወጥ ቤት ቢላ ልኬያለሁ። ጫፉን በሞረድ ፈግፍጌ ክብ አድርጌዋለሁ። ሽንኩርት ይከትፋል እንጂ ሰው አይወጋም።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። እህታችንን ከነሕፃኗ፣ ባሏንም ሰላም በልልኝ። ለጎረቤታችንም ሰላምታ አለኝ፤ ለሌላ ሰው እንዳትሰጠው፣ አንተው ባዶ እጅህን ሄደህ፣ በሩን አንኳኩተህ አድርስልኝ።

ታላቅ ወንድምህ
ከመጋዘኑ ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ እሑድ ጥር 12