ይቀልጣል ተብሎ ዕጣ የወጣበት የአባቴ ጠመንጃ

በሚሲሲፒ የታሎ ክሪክ ወረዳ ሸሪፍና የፖሊስ አለቃ ለሆኑት ለክቡር አቶ ዴልበርት ክራውሊ፤

ጤናዎ እንደ ገበታዎ የተትረፈረፈ፣ እንቅልፍዎም እንደ እስር ቤትዎ በር የጸና ይሁን እያልኩ፣ ከወንዙ ማዶ ጥጥ ስለቅም ያረጀሁት እኔ ኤዝራ ታልበርት እጅ እነሣለሁ። ፊደል አልቆጠርኩምና የምትጽፍልኝ የቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪ እህት ቨርኒስ ናት። «ኧረ ወንድሜ ኤዝራ፣ ትንሽ ለዘብ አድርገው» ብትለኝም፣ እንዳልኩት ጻፊው ብያታለሁ።

አንደኛ፣ ባለፈው ፀደይ ከቤተ ክርስቲያናችን መድረክ ላይ ቆመው «ጠመንጃችሁን አስረክቡን፣ አቅልጠን እናጠፋዋለን» ስላሉን ከልብ አመሰግናለሁ። በአባቴ ዘመን በእርስዎ ወንበር የተቀመጠው ሰው ቀን የሸሪፍነት ኮከቡን ደረቱ ላይ ሰክቶ፣ ማታ ፊቱን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ እኛን ጥቁሮቹን ሊያሸብር ይመጣብን ስለነበር፣ አባቴ ደጃችንን የጠበቀው በዚያ ጠመንጃ ነው፤ የሞተውም «ለመንግሥት መሣሪያ አትስጥ» ብሎኝ ነው። እኔ ግን የልጅ ልጄ ማርከስ በጓደኛው ጥይት ከወደቀ ወዲህ ብረት አንገሽግሾኝ፣ የአባቴን ቃል ሽሬ እርስዎን አመንኩ፣ ጠመንጃውንም አስረከብኩ፤ ጎረቤቶቼንም ደጅ ለደጅ እየዞርኩ ለመንኩልዎ።

ሁለተኛ፣ ለሸሪፍነት ምርጫዎ ስለ ደገሱት የዓሣ ጥብስ አመሰግናለሁ። ለዕጣው ከተደረደሩት ሽልማቶች መካከል የአባቴ ጠመንጃ በቅባት ተወልውሎ ተጋድሞ ነበር፤ የተሰነጠቀ ሰደፉን አባቴ በእርሻ በቅሎው ጠፍር ስለ ጠቀለለው አልሳትኩትም። ምክትልዎ «ይህንንማ ማቅለጥ ኃጢአት ነው!» ብሎ ሳቀና፣ «አባባ፣ ትኬት ይግዙ እንጂ፣ ዕድልዎን ይሞክሩ!» አለኝ። የጎረስኩትን ዓሣ ተፋሁት።

ሦስተኛው ምስጋና አይደለም። የጎረቤቴ ልጅ ዳርኔል ሲቆጣ ሽጉጡን የሚመዝ ሰው ነው፤ ሚስቱ ሎሬታ ልጆቿን ይዛ ከእናቷ ቤት ተጠግታለች። ስንት ለምኜው ሽጉጡን ሊያስረክብ እሺ ባለኝ ሳምንት ነው የእርስዎ ዕጣ የወጣው። አሁን ወገቡን እየመታ «የእኔንስ በዕጣ ማን ሊያሸንፈው ነው፣ አባባ?» ይለኛል። መሣሪያ የማስረከቡ ሕግ መልካም ነው፣ ዛሬም ቢሆን ድምፄን እሰጠዋለሁ፤ የቆሸሸው የሚይዘው እጅ ነው። ሎሬታን አንድ ነገር ቢያገኛት ግን ጥይቱ የዳርኔል፣ ሳቁ የእናንተ ነው።

ስለዚህ የቀረችኝን የጥንቸል ማደኛ ጠመንጃ እሑድ ከጸሎት በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ፣ ብረት በያጁ ኦቲስ ሁላችንም እያየን ይቆራርጣታል። ዳርኔል «በዓይኔ ካየሁ የእኔንም አመጣለሁ» ብሎኛል። እርስዎም ቢገኙ ደስታችን ነው፤ እጅዎን ብቻ ከኪስዎ አያውጡ።

መንግሥትን አንድ ጊዜ ያመንኩ፣ አገልጋይዎ ያልሆንኩ፣
ኤዝራ ታልበርት

ጨምሬ የምለው፦ ጠመንጃው ለባለ ዕድሉ ይሁን፤ ጠፍሩን ግን መልሱልኝ። በቅሎዋ የጀመረችውን ትልም ሳትጨርስ ቆማ አታውቅም፤ ንብረቷ በእናንተ እጅ ሲውል ማየት ለእሷም ውርደት ነው።