አፍንጫዬና የላክሻቸው ጠርሙሶች

ለልጄ ልጅ፣ ለቁንጥንጧ፤

ሰማይ ላይም ሆንሽ ምድር ላይ፣ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። አያትሽም ደህና ናት፤ እኔን መቆጣት ገና አልሰለቻትም።

በአውሮፕላን ሥራሽ ስትዞሪ ከየአገሩ የምትልኪያቸው ጠርሙሶች መደርደሪያውን ሞሉት። ዕድሜዬን የመጠጥ ፋብሪካ ቀማሽ ሆኜ ኖሬ፣ አሁን ደግሞ ለጎረቤቶቻችን የመጠጥ አስተማሪ ሆኛለሁ። ያ ከደሴት የላክሽው ውስኪ ብቅሉ በጭስ ስለሚደርቅ ጭስ ጭስ ይላል። ሩም የሸንኮራ ልጅ ነው፤ የተቃጠለ ስኳር ይሸታል። ቮድካ ግን እንደ ጨዋ እንግዳ ነው፤ ገብቶ ሲወጣ አይታወቅም።

ቅዳሜ ጎረቤቶች በተሰበሰቡበት፣ እንደ ልማዴ ዓይኔን ጨፍኜ መጠጦቹን በአፍንጫዬ ብቻ ልለይ ተቀመጥኩ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው አንዱን ብርጭቆ አስጠጋልኝ።

"ቮድካ" አልኩ።

ውስኪ ነበር፤ ያውም ያ ጭሳሙ።

"እኚህ ሰውዬ ዛሬም ሊያሾፉብን ነው" ብሎ ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ አሿፊ መባል ከጀመርኩ ቆየሁ እኮ።

አያትሽ ግን አልሳቀችም። በማግስቱ ጋዜጣዬን ሳነብ፣ ጥዳው የወጣችው ድስት አጠገቤ አርሮ ጠበቃት። ጉንፋን ይዞኛል አልኳት።

"ንፍጥ የሌለው ጉንፋን?" አለችኝ። እሷ መቼም መልስ አታጣም።

ጠርሙሱ ይበቃል፤ በእረፍትሽ ራስሽ ነይ። ድሮ ሽቶ ስታበዢ እቆጣሽ ነበር። አሁን ግን አብዝተሽ ተቀብተሽ ነይ፤ ፈቅጃለሁ።

በሄድሽበት ሁሉ ደህና ማረፊያ ይስጥሽ።

ሊያሾፍብሽ የናፈቀው አያትሽ