የሥራነሽ ደቦ

ሉማሜ፣ ጥር 14 ቀን 2002 ዓ.ም.

ልጄ ሥራነሽ፣ ኪዳነ ምሕረት ከነባልሽ ከነልጆችሽ በጥላዋ ታኑርሽ። እኛ ደህና ነን። ጤፉ ተወቅቶ ገብቷል፤ የወንድምሽ የይስማው ጉልበትም ተሽሎታል።

በላክሽው ፎቶ ላይ ሚስማር ስትመቺ አየሁሽ። የማያውቋችሁ ሰዎች ያለ ክፍያ ቤት ሠሩልን ያልሽውን ይስማው ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። በሰው አገር ደቦ ይወጣልኛል ብሎ ማን ያስባል! ግን ስንቃቸውን ከቤታቸው ይዘው ይመጡ ነበር ስትይ አፍሬ የምገባበት ጠፋኝ። ደቦ የወጣ ሰው ጦሙን ይሸኛል እንዴ? ምነው ልጄ፣ እንዲህ ነው ያሳደግሁሽ?

እኔማ ለጥምቀት በጠመቅሁት ጠላ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቼ፣ «ይኼ የሥራነሽ ደቦ ነው» ብዬ አበላሁ፣ አጠጣሁ። የሠሩልሽን ሰዎች በሌሉበት እጃቸውን ዘርግተው መረቁልሽ።

ጣራው ላይ የወጡት ሽበታም ሽማግሌ ማን ናቸው? በዚያ ዕድሜያቸው አንጀቴን በሉት። የክርስትና ስማቸውን ጠይቂና ላኪልኝ፤ ቄስ ዓለምነው በጸሎት ያስቡልኛል። የሌላ ሰው ቤት ሲሠራም ከባልሽ ከጌቱ ጋር ውጪ፤ እንጀራም ይዘሽ ሂጂ።

የገባሽበት ቤት እንግዳ አይጣ፤ ልጆችሽን ዳሪበት።

«ሥራነሽ እንዴት ናት?» ሲሉኝ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ምን ትሆናለች፣ በሰው ቤት» ስል ኖርሁ። ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ጎረቤታችን አንሙት ጠየቀኝ።

«ቤቷ ናት» አልሁት።

እናትሽ ጤናዬ