ከየትኛው መጽሐፍ ልጀምር

መስከረም 12
ሙቀቱ ዛሬም አልቀነሰም። ጠዋት ባሌን ኢብሮን ወደ ወደብ ሥራው ሸኘሁ፣ ልብስ አሰጣሁ፣ ቢሮ ገባሁ። ከሰዓት አለቃችን ሙዲር መንሱር ሰበሰበን። ክፍላችን ወደ ኳንተም ኮምፒውቲንግ ይዞራል አለ። ኅዳር ላይ ቃለ መጠይቅ አለ፤ ያላለፈ ፕሮግራመር ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ አይታደስም። ኸላስ፣ አለቀ። ሻዩን ፉት እያለ ነው የተናገረው...

ለባሌ አልነገርኩትም። እሱ እዚህ ጅዳ ሊቀር፣ እኔ ኮምቦልቻ ልመለስ? ከኒካሃችን በኋላ ስንት ዓመት ተለያይተን ኖርን። እንደገና?

መስከረም 16
ፉኣድ መጽሐፍ መደብር ወሰደኝ። ቢሮ አጠገቤ የሚቀመጠው፣ እዚሁ ጅዳ ያደገው ሀበሻ። የሚያውቁ ሁሉ በትልቁ መጽሐፍ ነው የሚጀምሩት አለ። አንድ ቀጭንም አየሁ። ከማትሪክስ፣ ከቁጥር ሰንጠረዥ ሒሳብ፣ የሚነሳ፣ መልመጃው ከነመልሱ። "እሱ የልጆች ነው" አለኝ። መልሼ አስቀመጥኩት። ትልቁን ገዛሁ።

መስከረም 30
ገጽ ዘጠኝ። አሁንም ገጽ ዘጠኝ። ሌላ ከኢንተርኔት አወረድኩ፣ የፊዚክስ ሰው የጻፈው። እሱ ደግሞ ስለ አቶም ሁሉን ታውቂያለሽ ብሎ ነው የሚጀምረው። ፉኣድ ትልቁን አጋምሼዋለሁ አለ። የማይገባኝ እኔ ብቻ ነኝ?

ጥቅምት 7
አርብ። መካ፣ ለዑምራ። ጠዋፍ ላይ፣ ካዕባን እየዞርን፣ ዱዓ ላደርግ ብዬ ቃል ጠፋኝ። አለቀስኩ። ኢብሮ ሰው የሞተብኝ መስሎት ደነገጠ። ከሐረም መስጊዱ ስንወጣ ሁሉንም ነገርኩት። "እኔም ፈራሁ" አለ። ያጽናናኛል ብዬ ስጠብቅ! ግን ቀለለኝ። የሚያውቅ ሰው ለምን አትጠይቂም አለኝ።

ጥቅምት 8
ጥሩወርቅ ጋ ደወልኩ። ዩኒቨርሲቲ አብረን ነበርን፤ አሁን አዲስ አበባ ይህንኑ ኳንተም ታስተምራለች። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር፣ አልሳቀችም። የቆምሽበትን አንብቢልኝ አለች። አነበብኩላት።

"ሀምዲዬ፣ ይሄ እኮ ማትሪክስ ነው። ኳንተሙ ጋ ገና አልደረስሽም።"

ቀጭኑን ግዢ፣ መልመጃውን በእጅሽ ሥሪ፣ አትዝለይ። ትልቁን ሲቸግርሽ ብቻ ትገልጪዋለሽ አለች። የፊዚክሱን ለጊዜው ተዪው።

ጥቅምት 11
ቀጭኑን ቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ አኖርኩት። ፉኣድ አየው። ፊቴ ጋለ።

ጥቅምት 25
ሁለት ኪዩቢቶች፣ የኳንተም ኮምፒውተር የመረጃ ቅንጣቶች፣ ሲጣመሩ የአንዱ ውጤት ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚያያዝ በራሴ እጅ ሠርቼ አገኘሁት። ደገምኩት። ልክ ነው! ግን ቀኑ ደረሰ፣ ገና ስንት ምዕራፍ ይቀረኛል።

ኅዳር 4
ቃለ መጠይቁ። ሰሌዳው ላይ መስመሬ ሁሉ ጠመመ። መንሱር ስለ ኪዩቢቶቹ ጠየቀኝ። ሠራሁ። ቀጥሎ ስህተታቸው እንዴት እንደሚታረም ጠየቀ። ምን ልበል? ልቀባጥር? እዚያ አልደረስኩም አልኩ። ምን እያነበብሽ ነው አለኝ። ቀጭኑን ነገርኩት። ቀና ሳይል የሆነ ነገር ጻፈ። አለቀልኝ...

ኅዳር 11
ኢቃማዬ ይታደሳል። የሠራሽው ልክ ነው፣ የቀረውን እየሠራሽ ትማሪያለሽ አለኝ መንሱር። ለኢብሮ ስነግረው አልሐምዱሊላህ አለ።

የፉኣድ አይታደስም።

ማታ ደወለልኝ። አጋምሼዋለሁ ያልኩሽ ውሸት ነው አለ። እሱም መጀመሪያው ላይ ቆሞ ነበር፣ ሰው እንዳያውቅበት ፈርቶ። ሌላ ከፊል፣ ዋስ የሚሆነው አሠሪ፣ ካላገኘ ወደ ኢትዮጵያ ነው። ኢትዮጵያን የሚያውቃት በእናቱ ወሬ ብቻ ነው።

"ወላሂ ፈርቻለሁ፣ ሀምዲያ።"

ኢብሮን አየሁት። ሂጂ አላለኝም፤ እንሂድ አለኝ በምልክት።

"ነገ ከኢብሮ ጋር እናንተ ቤት እንመጣለን" አልኩት። "ሌላ ሥራ እስክታገኝ ከማትሪክስ እንጀምራለን። እኔም እንደፈራሁ ነው።"

በስንት ሰዓት ትመጣላችሁ አለኝ።