ለበጀት የተጣለ ድንኳን

ይድረስ ላሳደጉኝ፣ ለማከብርዎትና እስከ ዛሬም ድረስ ለሚቆጡኝ ወንድሜ ለጋሽ ገሰሰ፤ ደብረ ታቦር።

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? ባለፈው በሰው አፍ የላክሁት ሰላምታ ደርሶዎት ከሆነ ይህኛውን በላዩ ይደርቡበት፤ ካልደረሰዎት ደግሞ ሁለቱንም አንድ ላይ ይቀበሉኝ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ቁርጥማቱ በዚህ ክረምት ተወዎት ወይስ እንደ አምናው ደጅ ከልክሎዎት ከረመ? ዓይንዎስ ይህን ለማንበብ ይችላል? እትዬ ትብለጽስ ደም ግፊታቸውን እየተለኩ ነው ወይስ አሁንም «እኔ ምን ሆኜ» እያሉ ነው? ዝናቡስ ለእህሉ እንዴት ሆነላችሁ?

እኛ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነን። ደኅና ማለትም ያንሳል፤ ደረቴን ነፍቼ ነው የምጽፍልዎት። በስልክ እንዳልነግርዎት ጆሮዎ ከከበደ ወዲህ ወሬውን ከእርስዎ ይልቅ ጎረቤትዎ ነው የሚሰማው። ደግሞ እኔ ገና ሳልጨርስ ይከራከሩኛል። ደብዳቤ ግን አያቋርጡኝም። የታችኛው ወለል ጎረቤታችን ተስፉ ለዘመን መለወጫ እናቱን ሊጠይቅ ወደዚያ ስለሚመጣ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ፤ ሲደርስ እህል ውሃ ያቅምሱልኝ።

በሚያዝያ በስልክ ያሉኝን አልረሳሁም። ከዘንድሮው በጀት አንድ ነገር ልናገኝ ነው ስልዎት ሳቁብኝ። «የሺአረግ፣ እድርሽ ድንኳኑን ይጣል፤ በጀቱን ለሚያውቁት ተዪላቸው» አሉኝ። እንግዲህ ይስሙኝ። ድንኳኑን ጣልነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልዎት። ከብሎካችን ጀርባ አንድ ጤና ጣቢያ አለ። ተሠርቶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ በሩ ላይ ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሎበት ኖረ። በጠየቅን ቁጥር ሕንፃው አልቋል፣ ለውሃው፣ ለመድኃኒቱና ለአዋላጆቹ የሚሆን ሥራ ማስኬጃ ግን በጀት አልተያዘለትም ይሉናል። ሣሩ አጥሩን አልፎ ወጣ። እኛ ደግሞ ለምጥም ለሳልም መኪና ለምነን ሩቅ እንሄዳለን።

አምና ሐምሌ እንቁን ምጥ ያዛት። እንቁ በእኛው ደረጃ፣ ከእኔ በላይ የምትኖር ልጅ ናት፤ ከባሏ ጋር ብቻዋን ነው የምትኖረው። ዝናቡ መንገዱን ዘግቶት መኪና እስኪገኝ ቆየ፤ ተገኝቶም መንገድ ላይ ተሰልፎ ቆመ። ስትደርስ ልጁ አልፏል። ክርስትና ላልተነሣ ሕፃን ደግሞ እንደሚያውቁት ድንኳን አይጣልም፣ ለቅሶም አይቀመጡለትም። ሁሉም ደረጃ ላይ ሲያገኛት «ሌላ ይሰጥሻል» እያለ አለፋት። ከዚያ ወዲህ ያቺ ተጫዋች ልጅ አንገቷን ደፍታ ትወጣለች፣ አንገቷን ደፍታ ትገባለች።

ዘንድሮ ደግሞ የእኔዋ ልጅ ብሩክታይት ፀነሰች። ወሯ ነሐሴ መሆኑን ስትነግረኝ አፌ እልል አለ፣ ልቤ ግን የክረምቱን ወራት ቆጠረ። ባሏ አብነት ሩዋንዳ ሰፈር ካለ ምግብ ቤት ነው የሚሠራው፤ በክረምት ከዚያ ተነሥቶ እዚህ ቦሌ አራብሳ እስኪደርስ ልጅ ተወልዶ ይድሃል። ሌሊት ሌሊት የዝናቡን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እንቁ ነበረች የምትታየኝ።

በግንቦት መጀመሪያ የወረዳው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ በሚመጣው ዓመት ረቂቅ በጀት ላይ ነዋሪው ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ሐሳብ ይስጥ ይላል። እንዲህ ያለው ማስታወቂያ በየዓመቱ ይለጠፋል፣ ሄዶ የሚቀመጥ ግን የለም። ከብሎካችን ሥር ሱቅ ያላት ሐሚዳ አምና ሄዳ ነበር፤ ወንበሮቹን አወያይተው ተበተኑ ብላ አስቃናለች። ለእድር ግን ማን ይቀራል? ስሙ ተጠርቶ ያልተገኘ ይቀጣል፤ ሰው ከቅጣቱ ይልቅ በጎረቤቱ ፊት «የለም» መባሉን ነው የሚፈራው። ታዲያ እህትዎ ምን አደረግሁ? ሰብሳቢዋ እኔ ነኝና የእድራችንን የወር ስብሰባ በዚያው ቅዳሜ፣ በዚያው ሰዓት፣ በወረዳው ግቢ ውስጥ ጠራሁት።

የእድሩ ጸሐፊ ተካልኝ እሳት ጎረሰ። ተካልኝን ያስታውሱታል፤ የመንግሥት ሠራተኛው፣ እኔ ቤት ምሳ በልታችሁ ስለ ደመወዝ ሲያወራልዎት የዋለው። ደንባችን እድር ለቀብር ተቋቋመ እንጂ ለመንግሥት ስብሰባ ተቋቋመ አይልም አለኝ። ስብሰባው የት ይሁን እንደማይልም አስታወስሁት። አኩርፎ ሄደ፤ ቅዳሜ ግን ከሁሉ ቀድሞ ተገኘ፣ ስም የሚጠራው እሱ ነዋ።

ወንድም ጋሼ፣ የመጣውን ሰው ቢያዩት! ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ነጋዴውም ሹፌሩም ነቅሎ መጣ። አዳራሹ ግማሻችንን እንኳ አልያዘም። ሰማዩም ጠቆረ። ጎረምሶቹን ላክሁና የእድሩን ድንኳን አምጥተው ግቢው መካከል ጣሉት፤ አግዳሚዎቹን ደረደሩ። ሴቶቹ እንደ ልማዳችን ነጠላቸውን ለብሰዋል። ተካልኝ ስም ሊጠራ ሲነሣ ሁሉም ጸጥ ብሎ አንገቱን ደፋ፤ ስሙ እንዳያመልጠው መሆኑ ነው። በዚህ መካከል የወረዳው ኃላፊ መኪና ገባ።

ሰውየው ወረደ። ድንኳኑን አየ፣ አግዳሚዎቹን አየ፣ ጸጥታችንን አየ። ባርኔጣውን አወለቀና ቀስ ብሎ ወደ መካከላችን ገብቶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ። ከዚያም ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ የሞቱት ማን እንደሆኑ፣ ቀብሩም ስንት ሰዓት እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቀኝ።

ከኋላ በኩል ሳቅ ሊፈነዳ ሲል ነው እንቁ የተነሣችው። እኔ አልነገርኋት፣ ማንም አላዘጋጃት። ድምፅዋን ራሱ ከሰማን ቆይተናል።

«አሜን» አለች። «እኔ አምና ልጄን ሳጣ ድንኳን አልተጣለልኝም፤ ያጽናሽ ያለኝም የለም። ዛሬ እርስዎ አሉኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ግን ማንም አልሞተም ጌታዬ። ሰው ሳይሞት ነው የመጣነው። ያንን በር ይክፈቱልን።»

ብላ ተቀመጠች። ሐሚዳ ስለ ግብር ልትናገር አንድ ሳምንት ሙሉ ስትለማመድ ነበር፤ ነጠላዬን ይዛ ታለቅሳለች። ተካልኝ የመንግሥት ሠራተኛው ኑሮ እንዴት እንደከበደው የሚያስረዳ ንግግር በኪሱ ይዞ መጥቷል። ዕድል ሲሰጠው ተነሣና ጉሮሮውን ጠረገ፣ ወረቀቱንም መልሶ ከተተው። «የእኔ ይቆየኝ፤ የሷ ይቅደም» አለ። ከዚያ በኋላ የተነሣው ሁሉ ያንኑ ደገመ። የመንገድ፣ የታክሲ፣ የቆሻሻ ጥያቄ ይዞ የመጣው ሁሉ የራሱን ትቶ የጤና ጣቢያውን በር ጠየቀ። ኃላፊው ጉዳዩ ከእሱ በላይ እንደሚወሰን አልደበቀንም፤ ግን የሰማውን ራሱ ይዞ እንደሚሄድ ቃል ገባልን።

ድንኳኑን ሳናፈርስ ሌላም ነገር ወሰንን። ከዚህ በኋላ ሳይጠመቅ ያለፈ ሕፃንም ቢሆን እናቱ እንድትጽናና፣ ጎረቤትም እንዲቀመጥላት በአንድ ድምፅ አጸደቅን። በዚያው ቀን ከሰዓት ሁላችንም እንቁ ቤት ሄደን፣ ፍራሽ አንጥፈን፣ ንፍሮ ይዘን ተቀመጥንላት። ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀር ነው፤ ግን ተቀመጥን። እሷም አለቀሰች፤ ካለቀሰች በኋላ እራት በላች፤ ባሏ እንዲህ ስትበላ ካየሁ ቆየሁ አለን።

ሰኔ እንዴት እንዳለፈ እኔን ይጠይቁኝ። የአገሩ በጀት በቴሌቪዥን የተነበበ ዕለት ሐሚዳ ሱቅ ውስጥ መቆሚያ አልነበረም። ወሎ ሰፈር መጋረጃ ከምሰፋበት ሱቅ ስመለስም ታክሲው ውስጥ ወሬው ሁሉ በጀት ነበር። አንዱ ደመወዝ ሊጨመር ነው ይላል፤ ሌላው ጭማሪው ሳይደርስ ዘይቱ ይቀድመዋል ይላል። ረዳቱ ለነዳጅ ምን እንደታሰበ ይጠይቃል፤ አንዲት ሴትዮ ግብሩ የሚሰበሰበው ከእኔው ጉልት ነው ብላ ትማረራለች። ያን ያህል ሕዝብ ሁሉ የየራሱን ቁራሽ ሲፈልግ እኔ የማዳምጠው ስለዚያች በር የሚናገር ቃል ቢገኝ ብዬ ነበር። አልተገኘም። ከሚሊኒየም አዳራሽ የሚሰፋ ነገር ሲወራ የእኛ ጤና ጣቢያ የት ይሰማል? ብሩክታይት እግሯ እያበጠ ሄደ፣ እኔም እንቅልፍ አጣሁ።

የከተማው በጀት በጸደቀ በማግሥቱ ነው። መኪናዬ ላይ ነበርሁ፤ የስፌት መኪናዬን ማለቴ ነው፣ ሌላ መኪናማ ማን ሰጥቶኝ! ስልኬ ጠራ። ኃላፊው ራሱ ነው። ለጤና ጣቢያችሁ ሥራ ማስኬጃ ተይዟል፣ አዋላጆችም ተመድበዋል አለኝ። ምን እንደመለስሁለት አላስታውስም፤ ደንበኛዬ ግን እልልታሽ አስፋልቱ ድረስ ተሰምቷል ብላኛለች። ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቶ ኖሮ እልልታው ከሁሉም ደረጃ ይወርዳል፣ ሕፃናቱ ድስት ይደበድባሉ። ያ ጨዋ ሰው ተካልኝማ የእድሩን መለከት ሊያስነፋ ሲል ነው የደረስሁበት። መለከቱ ለሞት ብቻ ነው ብዬ ቀማሁት፤ ሰው ደንግጦ ይውደቅብኝ?

ሁሉም ደስ አለው ብዬ ግን አልዋሽዎትም። ሐሚዳ የግብሯ ነገር አሁንም ያንገበግባታል። መንገዳችን ዛሬም ጭቃ ነው። ተካልኝ የተጨመረለትን ደመወዝ ሲያወራ በአንድ ፊቱ ይስቃል፣ በአንዱ ያኮርፋል። እኔ ግን የጠየቅሁትን አግኝቻለሁ፤ ደግሞም ለምኜ አይደለም፤ በጀቱ የእኔም ነው ብዬ ቀርቤ ነው።

በሐምሌ አጋማሽ ቁልፉ ወለቀ። ሣሩን እኛው አጨድን፣ ወለሉን እኛው አጠብን። ነሐሴ አሥራ ዘጠኝ ቀን ረፋድ ላይ ብሩክታይት ሽንኩርት እየላጠች ጎኗን ያዘች። ውጭ ዶፍ ይወርዳል። መኪና አልለመንሁም፣ አብነትንም አልጠበቅሁም። በአንድ በኩል እኔ፣ በሌላው እንቁ ደግፈናት፣ ሐሚዳ ከሱቋ ጃንጥላ ይዛልን ወጥታ፣ በግቢው በኩል አቋርጠን ገባን። ከዚያ ወዲያ የሆነውን አያቶች ሁሉ ያውቁታል። ሴት ልጅ ናት። ጤነኛ ናት፤ ሳንባዋ የእኔን ነው የወረሰው መሰለኝ፣ ጩኸቷ ጣሪያ ይነቀንቃል። አብነት በዝናብ ርሶ ሲደርስ ታጥባ፣ ተጠቅልላ፣ ጡት ይዛ አገኛት። እኔ በዚያ ኮሪደር ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስሁ፤ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ክርስትናዋ ለኅዳር ስለሚሆን ከአሁኑ ይዘጋጁ። ጉልበቴ፣ መንገዱ ቢሉ አልሰማዎትም። የክርስትና ስሟን ካህኑ ያወጣሉ፤ የቤት ስሟን ግን ለእርስዎ አቆይተነዋል። እስከዚያ ሁሉም ያሻውን እየጠራት ነው፤ ተካልኝማ «በጀት» ይላታል፣ ቶሎ ይድረሱላት።

ለእትዬ ትብለጽ ጉልበታቸውን ስሜ ሰላም ብያለሁ፤ መለካቱን እንዳይተዉ። ለመኩሪያና ለሚስቱ፣ ለልጆቻቸውም በየስማቸው ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። አጥር ለምትጋሯቸው ሁሉ፣ የሺአረግ አልረሳቻችሁም ይበሉልኝ። ከዚህም ብሩክታይት ከነልጇ፣ አብነት፣ ሐሚዳ፣ ተካልኝም እጅ ነሥተዋል።

እንቁም ሰላም ብላዎታለች። መጨረሻ ያደረግኋት ረስቻት አይደለም። ለካ ያን ቅዳሜ ድንኳኑ ውስጥ ስትነሣ ፀንሳ ነበር፤ ፈርታ ለእናቷ እንኳ አልተናገረችም። ጤና ጣቢያው በተከፈተ በማግሥቱ ጠዋት ማንንም ሳታስከትል በእግሯ ሄዳ ክትትል ጀምራለች። ታኅሣሥ ላይ ትወልዳለች፤ እዚሁ።

እህትዎ የሺአረግ
ቦሌ አራብሳ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.